መቶውን ሺት በእጅህ አትክፈት!

ለአውቶካድ የትኛውን የኮድ ቋንቋ ልማር?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠየቅህ? ስንት ቪዲዮስ አየህ?

አንዱ ፓይተን ይልሃል። ሌላው ሲ ሻርፕ። በሦስተኛው ቪዲዮ ፀጉሩ የሸበተ ድራፍተር ብቅ ይልና ከሊስፕ ወዲያ ላሳር ይልሃል። አንተም ሦስቱንም ሴቭ አድርገህ ትተኛለህ። በማግሥቱ ቢሮ ገብተህ ያንኑ መቶ ሺት አንድ በአንድ ትከፍታለህ፣ ቀኑን ትቀይራለህ፣ ሴቭ ትላለህ፣ ትዘጋለህ።

በቃ! ይህ ሳምንት ሳያልቅ ትመርጣለህ።

(አንቺም እህቴ፣ ግሡን ወደ ራስሽ እያዞርሽ አንብቢው። ጽሑፉ የአንቺም ነው።)

መጀመሪያ ጥያቄውን እንገልብጠው። «የትኛው ቋንቋ ይበልጣል?» ብለህ ከጠየቅህ ዕድሜ ልክህን ስትከራከር ትኖራለህ። በምትኩ ሁለት ነገር ጠይቅ። ጠዋት ኮምፒውተሬን ሳበራ ቀድሜ የምከፍተው የትኛውን ሶፍትዌር ነው? በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ፣ እጄን እንጂ ጭንቅላቴን የማይፈልገው ሥራ የቱ ነው?

ወረቀት አውጣ። ሁለቱንም መልስ ጻፍ። አሁኑኑ።

ጻፍህ? ከባዱን ጨርሰሃል። ቋንቋውን እነዚያ ሁለት መስመሮች ይመርጡልሃል።

ማንን እንደማናግር ግን ልንገርህ። ኮራል ስፕሪንግስ የሚኖረውን ሰው ነው። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከማክናይት ቡለቫርድ ገባ ብሎ፣ ስቶኒ ትሬይልን ተጠግቶ፣ ቤቶች ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከበው የተሠሩበት ሰፈር። ልደታ ካለው የሕንፃ ኮሌጅ ወይም ከባሕር ዳር ፖሊ ተመርቀሃል። አዲስ አበባ ሳለህ አውቶካድን ማውስ ሳትነካ በኪቦርድ ስትነዳው ሰው ቆሞ ያይህ ነበር። እዚህ ስትመጣ «ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ አለህ?» ተባልክና ዌርሀውስ ገባህ። ኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ሠራህ። አሁን በስንት ልፋት አንዲት የድራፍቲንግ ወንበር አግኝተሃል፤ ወይም ለማግኘት በየሳምንቱ ሬዙሜ ትልካለህ።

አዎ፣ አንተን ነው።

እዚህ ከተማ ድሮዊንግ አያልቅም። የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤት ዳውንታውን ነው፤ የቧንቧ መስመርና የፕላንት ሥራ አለ። በከተማው ዳር አዲስ ሰፈር በተቆረቆረ ቁጥር የመንገዱ፣ የፍሳሹ፣ የቤቱ ፕላን አለ። ከተማዋ የጨከነች ቀን ግን አያድርስ ነው። በፈረንጆች 2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ዘይት ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የኢንጂነሪንግ ቢሮዎች ሰው ቀነሱ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማንም ዋስትና የለውም። ቢሮው ውስጥ «ያ ሁሉን ነገር በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰው ልጅ» ተብሎ የሚታወቅ ሰው ግን ስሙ ከተቀናሾች ዝርዝር ግርጌ ነው የሚቀመጠው።

ያ ልጅ ለምን አንተ አትሆንም?

ወረቀትህን እንየው። «አውቶካድ» ብለህ ጽፈሃል? እንግዲያው አትንከራተት። አውቶሊስፕ!

«ያረጀ አይደለም እንዴ?» አርጅቷል። ጆን ማካርቲ ሊስፕን ኤም አይ ቲ ሆኖ የነደፈው በ1958 ነው። አውቶካድ ገበያ የወጣው በ1982። ሁለቱ የተገናኙት በ1980ዎቹ አጋማሽ። ታዲያ ምን ይጠበስ? ቪቢኤ የሚባለው ቋንቋ በ1990ዎቹ መጨረሻ በታላቅ ጭብጨባ ገባ፤ ከአውቶካድ 2010 ጀምሮ ግን ከዋናው ፓኬጅ ወጥቶ ለብቻው የሚወርድ ሆነ። ሊስፕ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ለዓመታት ሊስፕ የተከለከለበት ርካሹ አውቶካድ ኤልቲ በ2024 ቨርዥኑ ተፈቀደለት። ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። ዋጋ የሚቆጥር ትንሽ ቢሮ የሚገዛው ኤልቲን ነው፤ የመጀመሪያ ሥራህን የምታገኘው ደግሞ እዚያው ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ለመጀመር የምትገዛው ነገር የለም። የምትጭነውም የለም። አውቶካድ ካለህ ሊስፕ አለህ። መጻፊያው ኖትፓድ ነው።

እስቲ አንዱን አብረን እንሥራ። ስፋት የሚደምር ትእዛዝ።

ኳንቲቲ የሠራ ሰው መከራውን ያውቃል። ክፍሎቹን በፖሊላይን ትዞራቸዋለህ። አንዱን ትነካለህ፣ ስፋቱን ታነባለህ፣ ኤክሴል ላይ ትጽፋለህ፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። አርባኛው ክፍል ላይ ስልክ ይጮሃል። ስትመለስ የቱ ጋ እንደነበርክ ጠፍቶሃል። እንደገና ከአንድ!

ኮዱ ይህን ሁሉ እንዴት ይገላግልሃል? በ«ዲፈን» ትጀምርና ለትእዛዝህ ስም ታወጣለታለህ። ከስሙ ፊት «ሲ» እና ኮለን ታደርጋለህ፤ እነዚህ ካሉ ስሙን ኮማንድ ላይኑ ላይ ስትጽፈው አውቶካድ እንደ ገዛ ራሱ ትእዛዝ ይቀበለዋል። በ«ሴትኪው» ድምሩን ከዜሮ ታስጀምረዋለህ። በ«ኤስኤስጌት» ፖሊላይኖቹን ሁሉ ባንዴ ታስመርጣለህ። በ«ሪፒት» አንድ በአንድ እያነሣህ ስፋታቸውን ድምሩ ላይ ትጨምራለህ። በ«ፕሪንክ» ውጤቱን ታሳያለህ። አለቀ! ሃያ መስመር እንኳ አይሞላም። በኤል ኤስ ፒ ቅጥያ ሴቭ አድርገው፣ ወደ አውቶካድ ጫነው፣ ስሙን ጻፍ፣ ኢንተር በል።

አሁን ስልኩ እንደፈለገ ይጩህ።

ድምሩ ላይ ግን ቆም በል። አገር ቤት የምትስለው በሚሊሜትር ነበር፤ ካሬ ሜትር ለማግኘት ለ1,000,000 ታካፍላለህ። ካናዳ በወረቀት ሜትሪክ ናት፤ የመኖሪያ ቤት ፕላን ግን አሁንም በብዛት በጫማና በኢንች ነው። ድሮዊንጉ በኢንች ከሆነ ካሬ ጫማ የምታገኘው ለ144 ስታካፍል ነው። ስለዚህ ኮድህ ከመደመሩ በፊት የድሮዊንጉን ዩኒት ይጠይቅ። ይህቺ አንዲት መስመር ከየት መጣች? ከፕሮግራሚንግ ኮርስ አይደለም። በሁለት አገር ከሠራህበት እጅህ ነው የመጣችው። ኮድ ብቻ የሚያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ አያስባትም። አንተ ታስባታለህ! «ዘግይቻለሁ» የምትለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተወው። ከባዱን ሙያ ቀድመህ ይዘሃል፤ የቀረህ ቀላሉ ነው።

«ቅንፉ በዛብኝ» ትል ይሆናል። ይበዛል፣ እውነትህን ነው። የሊስፕ ቅንፍ እንደ መሶብ ነው፤ የከፈትከውን ትከድናለህ። አንዱን ክፍት ከተውከው አውቶካድ ይቆጣል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው ነፃ መጻፊያ የትኛው ቅንፍ የትኛውን እንደሚዘጋ በቀለም ያሳይሃል፤ ለአውቶሊስፕ የተሠራ ኤክስቴንሽንም አለው። ሁለተኛ ሳምንትህ ላይ ከኖትፓድ ወደዚያ ተሻገር።

መቶው ሺትስ?

መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥ። ሁሉም ችግር ኮድ አይፈልግም። አውቶካድ ከ2005 ቨርዥኑ ጀምሮ ሺት ሴት ማናጀር አለው፤ በትክክል ከተዘረጋ የፕሮጀክቱን ቀን አንድ ቦታ ትቀይርና በሁሉም ሺት ይቀየራል። ቢሮህ በዚህ የሚሠራ ከሆነ እጅህን ሰብስብ። የኮድ ፍቅር ይዞህ ያለቀ ሥራ እንደገና አትሥራ።

የማይሠራ ከሆነ ግን (ብዙ ቢሮ አይሠራበትም) ተራው ያንተ ነው። ለሊስፕህ የታይትል ብሎኩን ስም ትነግረዋለህ። ድሮዊንጉ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። አትሪቢዩቶቹን አንድ በአንድ ያያል፤ የሪቪዥኑን ታግ ሲያገኝ ጽሑፉን ይለውጣል። ከዚያ ትንሽ የስክሪፕት ፋይል ታዘጋጃለህ፦ ክፈት፣ ሊስፑን አስነሣ፣ ሴቭ አድርግ፣ ዝጋ፣ ወደ ቀጣዩ። ከአውቶካድ 2013 ወዲህ ደግሞ ኮር ኮንሶል የሚባል ነገር አለ፤ መስኮት ሳይከፍት ፋይሎቹን ከጀርባ ይሠራቸዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሺት ከመክፈት እስከ መዝጋት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ መቶው 200 ደቂቃ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ! በአንድ ሪቪዥን ብቻ። አንድ ፕሮጀክት ስንት ሪቪዥን እንዳለው አንተ ታውቃለህ።

ደግሞ ኮፒው ላይ ሞክር። መጀመሪያ በሦስት ፋይል፣ ከዚያ በአሥር፣ ከዚያ በመቶው። ኦሪጂናሉ ላይ የምታስነሣው ውጤቱን ከፍተህ በዓይንህ ካየህ በኋላ ነው።

ወረቀትህ ላይ «ሬቪት» ካለስ? ያን ጊዜ ሊስፕን እርሳው። እዚያ ቤት አይሠራም።

የሬቪት በር የሚከፈተው በዳይናሞ ነው። ከሬቪት ጋር አብሮ ስለሚጫን ዛሬውኑ ልትከፍተው ትችላለህ። ኮድ አትጽፍም፤ ሳጥን ከሳጥን በሽቦ ታገናኛለህ። ክፍሎቹን አምጣ፣ ስማቸውን አውጣ፣ ወደ ኤክሴል ላክ። በዚህ ጀምር። ሳጥኑ በዝቶ ስክሪኑን ሽቦ ብቻ ሲሞላው፣ የፓይተን ሳጥን ትከፍትና ሃያውን ሳጥን በአምስት መስመር ትተካዋለህ። ፓይተንን የተማርከው እንግዲህ ሳታውቀው ነው!

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አሮጌው ዳይናሞ የሚሠራው በአይረን ፓይተን 2.7 ነበር፤ አዲሱ በፓይተን 3 ነው። የድሮ ቪዲዮ ተከትለህ ኮዱ እምቢ ካለህ «አልችልም» አትበል። መጀመሪያ የቪዲዮውን ዓመት እይ።

ፓይተን ሌላም ጥቅም አለው። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ ሲለቀው ስለ ድራፍቲንግ ያሰበ አይመስለኝም፤ ዛሬ ግን የማይገባበት ቤት የለም። ራይኖ ውስጥ አለ። ብሌንደር ውስጥ አለ። የካርታ ባለሙያ የሚጠቀምበት ኪው ጂ አይ ኤስ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ብዙ አርክቴክት የሚሠራበት አርኪካድም ከ24ኛ ቨርዥኑ ጀምሮ ፓይተንን አስገብቷል። ስለዚህ ገና ሥራ ፈላጊ ከሆንክና ነገ የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ሶፍትዌር እንደምትቀመጥ ካላወቅህ ምርጫህ ፓይተን ነው። አታመንታ።

«ላይሰንስ የለኝም» ነው ያልከው? ፍሪካድን አውርድ። ስሙ እንደሚለው ነፃ ነው፤ 1.0 ቨርዥኑ በኅዳር 2024 በፈረንጆች ወጥቷል። ማክሮ መቅጃውን አስነሣና አንድ ሳጥን ሳል። ያደረግከውን ሁሉ ፓይተን አድርጎ ይጽፍልሃል። አንብበው። ቁጥሩን ለውጠው። እንደገና አስነሣው። ሳጥኑ ሲያድግ አየህ? አስተማሪህ እሱ ነው፤ የሚከፈለውም የለም።

ስትራክቸራል ነህ? ኢታብስ ከውጭ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከኤክሴል በቪቢኤም፣ በፓይተንም። ኤክሴል እንደ እጅህ ከሆነ በቪቢኤ ጀምር። ሌላ ምክር የለኝም።

ሲ ሻርፕስ? ጥሩ ቋንቋ ነው። ፈጣን ነው። ለሃምሳ ሰው የምታድለው፣ የራሱ መስኮትና በተን ያለው ፕለግኢን ስትሠራ የምትሄደው ወደ እሱ ነው። ለመጀመሪያ ግን አልመክርህም። ገና የመጀመሪያውን ውጤት ሳታይ የምትጭነው፣ የምታገናኘው፣ ኮምፓይል የምታደርገው ይበዛል። ቨርዥን ሲቀየርም ጣጣ አለው፤ አውቶካድ 2025 ወደ ዶት ኔት 8 ሲሻገር ለአሮጌው የተሠሩ ፕለግኢኖች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ያ ቀን ይመጣል። ለጊዜው ይቆይህ።

መረጥህ? እንግዲያው ቪዲዮዎቹን ዝጋ። ንጽጽር እዚህ ላይ አበቃ! የመረጥከውን ቋንቋ ሦስት መሣሪያ ሳትሠራበት፣ ከሦስቱም አንዱን ሌላ ሰው ሳይጠቀምበት አትለውጥም። ጓደኛህ «እኔ እኮ ሌላ ጀመርኩ» ቢልህ እሰየው በለው። አንተ ግን እዚያው ነህ።

«ጊዜ የለኝም።»

አለህ። ከኮራል ስፕሪንግስ ወጥተህ ማክናይት ዌስትዊንድስ ጣቢያ ትደርሳለህ፤ ከዚያ በብሉ ላይን ዳውንታውን። ባቡሩ ላይ ምን ታደርጋለህ? ስልክህን ወደ ላይ ትገፋለህ። ከነገ ጀምሮ ትንሽ ደብተር ያዝ። የሚሠራውን መሣሪያ ደረጃ በደረጃ በአማርኛ ጻፈው፦ ብሎኩን ፈልግ፤ ካላገኘኸው ለሰውየው ንገረው፤ ካገኘኸው ቀኑን አንብብ፤ አሮጌ ከሆነ ለውጥ። አየህ? ፕሮግራም ጽፈሃል። ማታ ላፕቶፕ ስትከፍት የሚቀርህ ይህንኑ ወደ ሊስፕ ወይም ወደ ፓይተን መገልበጥ ነው። ማሰቡ ባቡር ላይ አልቋል።

ቤዝመንቱ ልጆች ይበዙበታል? ጄኔሲስ ሴንተር ውስጥ ያለው የሳድልታውን ላይብረሪ ቅርብህ ነው። የካልጋሪ ላይብረሪ ካርድ ከ2015 ጀምሮ ነፃ ነው። ኮምፒውተር አለ፣ ወንበር አለ፣ ሙቀት አለ። በጥር ብርድ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

«ሒሳብ አልችልም።» አንተ? ደረጃ የሳልክ፣ የጣሪያ ተዳፋት ያሰላህ ሰው? እዚህ የሚፈለገው መደመር፣ ማካፈልና ቅደም ተከተል ነው። ተነሥ!

«አሁን እኮ ኤአይ ይጽፍልኛል።» ይጻፍልህ፤ እኔም አልከለክልህም። የፈለግከውን በግልጽ ንገረው፣ ኮዱን ይስጥህ። ግን አንዳንዴ በዓለም ላይ የሌለ ፈንክሽን ፈጥሮ በሙሉ ልብ ያቀርብልሃል። ማን ያጋልጠዋል? ቋንቋውን ማንበብ የሚችል ሰው። መቶ ኦሪጂናል ፋይል ላይ ያላነበብከውን ኮድ ለማስነሣት ትደፍራለህ? አትደፍርም። ስለዚህ ተማር፤ ከተማርክ በኋላ ኤአይ ረዳትህ ይሁን።

ከፍላሽ የተገኘ ሊስፕ ሁሉ አይጫንም፤ ይህንንም ያዝልኝ። በ2012 ሜድሬ የሚባል በአውቶሊስፕ የተጻፈ ዎርም ተገኝቶ ነበር። በብዛት የታየው ፔሩ ውስጥ ነው፤ የሰውን ድሮዊንግ በኢሜይል እየላከ ይሰርቅ ነበር። አገር ቤትም ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ምን ይዞ እንደሚመጣ አንተው ታውቃለህ። አውቶካድ ከ2014 ቨርዥኑ ወዲህ የማያውቀውን ኮድ ከመጫኑ በፊት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ዝም ብለህ እሺ አትበል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆንክ ደግሞ አለቃህን ወይም አይቲውን ቀድመህ አሳውቅ፤ የቢሮውን ድሮዊንግም ለመለማመጃ ብለህ ቤት አትውሰድ። የራስህን ሳል።

አገር ቤት ወንድም አለህ? እህት? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ተጀምሯል። ስለ ድራፍቲንግ አያስተምርም፤ የፕሮግራሚንግን ሀ ሁ ግን ያስይዛል። ያቺ ልደታ የምትማረው የአክስትህ ልጅ ትመዝገብ። ከዚያ ሁለታችሁ አንድ መሣሪያ አብራችሁ ሥሩ። አንተ ስትተኛ አዲስ አበባ ነግቷል፤ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ነው ልዩነቱ። ማታ የላክህላትን ጠዋት ተሞክሮ ታገኘዋለህ።

ምን ትሠሩ? ሐሳብ ልስጣችሁ፦ የአማርኛ ታይትል ብሎክ የሚሞላ ሊስፕ። ከአውቶካድ 2021 ጀምሮ የሊስፕ ፋይል ዩኒኮድ ስለሚቀበል «የባለቤቱ ስም»፣ «ወረዳ»፣ «የቦታው ስፋት» የሚሉትን ቀጥታ በፊደላችን ኮዱ ውስጥ ልትጽፏቸው ትችላላችሁ። ፎንቱ ግን ኒያላ ወይም ሌላ የአማርኛ ትሩታይፕ ይሁን፤ የአውቶካድ የራሱ የኤስ ኤች ኤክስ ፎንት ፊደላችንን ስለማያውቅ በጥያቄ ምልክት ይሞላላችኋል። ስፋቱን ደግሞ ቅድም የሠራነው ትእዛዝ ይደምርላችሁ። አገር ቤት ነውና ለ1,000,000 ማካፈሉን አትርሱ።

አሁን ወደ ሬዙሜህ።

«አውቶካድ፦ በጣም ጥሩ» የሚለውን መስመር አጥፋው። ሁሉም ሰው ጽፎታል። በምትኩ የሠራኸውን ጻፍ፦ የመቶ ሺት ታይትል ብሎክ የሚያድስ አውቶሊስፕ ጽፌያለሁ፤ የክፍል ስፋት ደምሮ በካሬ ሜትርም በካሬ ጫማም የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቻለሁ። ሴይት ገብተህ ዲፕሎማ እየሠራህ ከሆነ (ከ1916 ጀምሮ ቴክኒሻን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው፤ ስሙ እዚህ ይከበራል) መሣሪያዎችህን ለፕሮጀክት አቅርባቸው። አስተማሪህ አይቷቸው ምስክር ቢሆንህ ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ማለት ሌላ ምን ነበር?

ኢንተርቪው ስትጠራ ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። ራስህ የሳልካቸው ሃያ ሺቶች ይኑሩበት። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉህ አጠር አድርገህ ንገራቸውና «አንድ ነገር ላሳያችሁ?» በል። ትእዛዝህን ጻፍ። ኢንተር በል። ሃያው ሺት ዓይናቸው እያየ ይቀየር። ስፋት የሚደምረውንም አስነሣው። አትናገር፤ እነሱ ይጠይቁ። አንደኛው «ድሮዊንጉ በኢንች ቢሆንስ?» ይልሃል። ያን ጊዜ ፈገግ በልና 144ን አሳየው። ቀጥሎ «መቼ መጀመር ትችላለህ?» ካሉህ የደመወዙን ነገር ራስህ አንሣ።